የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን መመዘን፦ ውጤት፣ ብዝኃነትና የተማሪው ውሎ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉትን ክፍሎች በአንደኛ ደረጃ ሥር ያካተተ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ መዋቅሩን ወደ 6-2-4 በመለወጡ 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ የመካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። ለውጡ በምዘና ረገድ የሚያስነሳው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ተማሪው ሁለት ዓመት ብቻ ከቆየበት ትምህርት ቤት የተገኘው ውጤት ምን ያህሉ የዚያ ትምህርት ቤት ሥራ ነው? ምን ያህሉስ ከቤቱና ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ ይዞት የመጣው ነው? ዝቅተኛ ደረጃ በተሰጠው ትምህርት ቤት መምህራን ዝውውር ይጠይቃሉ፤ አቅም ያላቸው ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደ ግል ትምህርት ቤት ያዛውራሉ። ፍርዱ የተሳሳተ ከሆነ፣ ደካማ ያልነበረው ትምህርት ቤት በፍርዱ ምክንያት ይዳከማል።

በአገሪቱ ያለው መደበኛ መመዘኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2006 ዓ.ም. ያዘጋጀው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ ነው። ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶችን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ከፍሎ በቅደም ተከተል 25፣ 35 እና 40 በመቶ ክብደት ይሰጣቸዋል። ድምሩ ከ50 በመቶ በታች የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ 4 ይባላል። አሠራሩ ግልጽና ለአስተዳደር የተመቸ ነው፤ ችግሩ ያለው ድምሩ ላይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በግብዓት 12፣ በሂደት 30፣ በውጤት 30 ቢያገኝ ድምሩ 72 ይሆናል። ሌላው በግብዓት 24፣ በሂደት 20፣ በውጤት 28 ቢያገኝ እርሱም 72 ነው። ሁለቱም ደረጃ 3 ናቸው። የመጀመሪያው ቤተ ሙከራና መጻሕፍት ሳይሟሉለት በመምህራኑ ትጋት የቆመ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግን የተሟላለትን ሳይጠቀምበት የቀረ ነው። የሚያስፈልጋቸው ድጋፍ አንድ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ሦስቱ ነጥቦች ተለያይተው ካልቀረቡ ደረጃው ብቻውን የሚናገረው ጥቂት ነው።

የፈተና ውጤትን በተመለከተ የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው በአካፋዩ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ትምህርት ቤት 200 ተማሪዎች 7ኛ ክፍል ገብተው 150ዎቹ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ተቀምጠው 120 አለፉ እንበል። የማለፍ ምጣኔው 80 በመቶ ተብሎ ይመዘገባል። በሌላው ከ200 ገቢዎች 190 ተፈትነው 133 አለፉ፤ ምጣኔው 70 በመቶ ነው። የመጀመሪያው የተሻለ መስሎ ይታያል። ከገቡት ተማሪዎች አንጻር ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 60፣ ሁለተኛው 66.5 በመቶ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ደካማ ተማሪዎቹን ከፈተናው በፊት ያጣ ትምህርት ቤት በማጣቱ ይመሰገናል ማለት ነው። ሕጋዊ ዝውውር ያደረጉት ተለይተው ከወጡ በኋላ ያቋረጡትና የደገሙት በስሌቱ ውስጥ መቆየት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ መነሻው ነው። ጄምስ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ባቀረበው ጥናት፣ በተማሪዎች ውጤት ላይ የሚታየውን ልዩነት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰብ ሁኔታ አብልጦ እንደሚያብራራ አሳይቷል። ማይክል ረተርና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በ12 የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የተማሪዎች መነሻ ከግምት ከገባ በኋላም በትምህርት ቤቶች መካከል ልዩነት እንደሚቀር አረጋግጠዋል። ምዘና ሊፈልገው የሚገባው ይህንኑ የተረፈ ልዩነት ነው። በዚህ ረገድ አዲሱ መዋቅር ያልታሰበ ዕድል ፈጥሯል፤ የ6ኛ ክፍል ፈተና መነሻ፣ የ8ኛ ክፍል ፈተና መድረሻ ሆነው ያገለግላሉና። ሁለቱ ፈተናዎች በአንድ ሚዛን ስለማይለኩ ግን ነጥብን ከነጥብ መቀነስ አይቻልም። የሚቻለው በ6ኛ ክፍል ተመሳሳይ ውጤት የነበራቸው ተማሪዎች በ8ኛ ክፍል በየትምህርት ቤታቸው የት እንደደረሱ ማነጻጸር ነው። ይህም ቢሆን የመነሻውን ፈተና ታማኝነት ይጠይቃል፤ በኩረጃ ያበጠ የ6ኛ ክፍል ውጤት የሚቀበለውን የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ጥፋቱ ሰነፍ ያስመስለዋል። የተፈታኞች ቁጥር ማነስም ሊዘነጋ አይገባም። 60 ተፈታኞች ባሉት ትምህርት ቤት የተመዘገበ 60 በመቶ የማለፍ ምጣኔ በ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ነጥብ ያህል ሊዋዥቅ ይችላል። ከዓመት ዓመት የታየ የ5 ነጥብ ጭማሪ እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ለሽልማትም ለወቀሳም አይበቃም።

ብዝኃነትን በቁጥር ለመግለጽ የተለመደው መለኪያ፣ በዘፈቀደ የተመረጡ ሁለት ተማሪዎች ከተለያየ ቡድን የመሆናቸውን ዕድል የሚያሰላው ነው። አንድ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋ 50፣ 30 እና 20 በመቶ ድርሻ ያላቸው ሦስት ቡድኖች ቢኖሩት መለኪያው 0.62 ይሆናል። አኃዙ የሚነግረው በአንድ ግቢ መገኘታቸውን ብቻ ነው። ሦስቱ ቡድኖች በየራሳቸው የመማሪያ ክፍል ተለይተው ቢቀመጡ በግቢው ደረጃ 0.62 የሆነው በየክፍሉ ዜሮ ይሆናል። በማስተማሪያ ቋንቋ፣ በፈረቃ፣ ወይም ጎበዝ የተባሉትን ለይቶ በአንድ ክፍል በማስቀመጥ የሚደረገው ድልድል ይህን ውጤት ያለ ማንም ክፉ ሐሳብ ሊያስከትል ይችላል። ስለሆነም መለኪያው በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በክፍል ደረጃም መሰላት አለበት። ቋንቋ በዚህ ዕድሜ የተለየ ክብደት አለው። በአዲስ አበባ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲሰጡ፣ በኦሮሚያና በትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሰጡ ቆይተዋል። አንዱ ተማሪ ወደ መካከለኛ ደረጃ ሲገባ ቋንቋም ትምህርት ቤትም በአንድ ጊዜ ይለውጣል፤ ሌላው ግን አይለውጥም። የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ውጤት ያለዚህ መረጃ ጎን ለጎን ማስቀመጥ አሳሳች ነው።

የተማሪው ውሎ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት ያገኘ ዘርፍ ነው። ዣክሊን ኤክልስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረቡት ትንታኔ፣ ታዳጊው ነጻነትንና የአዋቂ ቅርበትን በሚሻበት ወቅት የሚገባበት ትምህርት ቤት ይበልጥ ቁጥጥር የሚበዛበትና መምህሩ የሚርቅበት መሆኑ ለተነሳሽነት መቀነስ አንድ ምክንያት ነው። በ7ኛ ክፍል ይህ በቀላሉ ይታያል፤ ተማሪው በየክፍለ ጊዜው ከሚቀያየሩ መምህራን ጋር ይገናኛል፤ ስሙን የሚያውቀው ምናልባት የክፍል ኃላፊው ብቻ ነው። የሚጠየቁት ጥያቄዎች ተራ መስለው የሚታዩ፣ ግን ወሳኝ ናቸው። ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ወቅት የሚጠቀሙበት ውኃና ከውስጥ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ? ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ሳይፈራ ይጠይቃል ወይ? ሲመታ ወይም ሲሰደብ የሚነግረው ሰው አለው ወይ? መጠይቁን የክፍሉ መምህር አስሞልቶ ራሱ የሚሰበስብ ከሆነ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። የሚያስሞላው ከትምህርት ቤቱ ውጭ የመጣ ሰው፣ ወረቀቱም ስም የሌለበት ሊሆን ይገባል። ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ፈቃድ በተጨማሪ የተማሪው የራሱ ስምምነት ያስፈልጋል።

የተገኘውን መልስ በአማካይ ብቻ ማቅረብም አያዋጣም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ስለ ትምህርት ቤታቸው ያላቸው ስሜት እርስ በርሱ በእጅጉ ይራራቃልና። በጾታ፣ በቋንቋና በአካል ጉዳት ተለይቶ ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በ8ኛ ክፍል ሁለት ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ብቻ ካሉ የቡድናቸውን ውጤት ማተም የእነርሱን መልስ በስም እንደማውጣት ይቆጠራል። እንዲህ ያሉ ጥቂት ተማሪዎች የሚሉት በሰንጠረዥ ሳይሆን በቃለ መጠይቅ ተሰብስቦ፣ ማንነታቸው በማይለይበት አኳኋን ከበርካታ ትምህርት ቤቶች መረጃ ጋር ተጣምሮ ይቀርባል።