የአሜሪካ መኪና ወይስ የጃፓን? ከመግዛታችሁ በፊት

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ሁሉም ሰው የአሜሪካ መኪና እንዳትነካ፣ ጋራዥ ለጋራዥ ስትንከራተት ትኖራለህ ይለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?» አብዛኞቹ ጠያቂዎች እዚሁ አሜሪካ በኡበር ወይም በታክሲ የሚያድሩ ወገኖቼ ናቸው። ለእነሱ መኪናው አንድ ሳምንት ጋራዥ ከተኛ የቤት ኪራይ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ መካኒክ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

እውነቱን ላስቀድም። በአማካይ ሲታይ ቶዮታ፣ ሌክሰስ እና ሆንዳ ብዙ አይበላሹም። ኮንሲዩመር ሪፖርትስ በየዓመቱ ከአባላቱ በሚሰበስበው መረጃ ቶዮታና ሌክሰስ ከዓመት ዓመት ከላይኞቹ ተርታ አይጠፉም። ይህን የሚክድ መካኒክ አላውቅም። ነገር ግን እናንተ የምትገዙት አማካዩን ሳይሆን አንዲት የተወሰነች መኪና ነው፤ የተወሰነ ሞተር፣ የተወሰነ ካምቢዮ፣ የተወሰነ ዓመት። ገንዘብ የሚጠፋውም የሚተርፈውም እዚያ ላይ ነው።

መኪናው የየት አገር ነው የሚለው ጥያቄም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የሚገኘውን ፋብሪካ ውሰዱ። የጄኔራል ሞተርስ ነበር፤ በሥራው ጥራት ማነስ ስሙ ጠፍቶ በ1982 ተዘጋ። በ1984 ጂኤም እና ቶዮታ በሽርክና ከፈቱት። አብዛኞቹ ሠራተኞች እነዚያው የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው ነበር። የተለወጠው አሠራሩ ነው። ጉድለት ያየ ሠራተኛ ገመድ ስቦ መስመሩን ማስቆም ቻለ፤ ስህተቱ ወደ ቀጣዩ ሰው ሳይተላለፍ እዚያው ይታረማል። ጥራቱ ብዙም ሳይቆይ ጃፓን ከሚሠሩት መኪኖች ጋር የሚወዳደር ሆነ። ይህን ታሪክ የምወደው ችግሩ ከሰዎቹ እጅ ወይም ከዜግነታቸው እንዳልነበረ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ከዚያ ፋብሪካ ቶዮታ ኮሮላ እና ሼቭሮሌት ፕሪዝም ከአንድ መስመር፣ በአንድ ዓይነት ሞተር ይወጡ ነበር። ያገለገለው ፕሪዝም ግን አርማው ሼቭሮሌት በመሆኑ ብቻ ከኮሮላው በርካሽ ይሸጥ ነበር። ኋላም ፖንቲያክ ቫይብ እዚያው ተሠራ፤ ባለ 1.8 ሊትሩ ሞተሩ የቶዮታ ነው። ዛሬም ዝገት ያልበላው ቫይብ ያገኘ ሰው ቢጠይቀኝ፣ አሳይተህ ግዛ እለዋለሁ። በሌላ በኩል ካምሪ ከ1988 ጀምሮ ኬንታኪ ጆርጅታውን፣ አኮርድ ከ1982 ጀምሮ ኦሃዮ ሜሪስቪል ይገጣጠማሉ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም ቪኑ፣ በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ የተገጣጠመው አሜሪካ ነው፤ በ2 ካናዳ፣ በ3 ሜክሲኮ፣ በጄ ፊደል ከሆነ ጃፓን ነው። አንዳንድ «የአሜሪካ» መኪና በ3 ሲጀምር ታያላችሁ።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ከ2012 እስከ 2016 የተሠራው አውቶማቲክ ፎርድ ፎከስ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ነበረው። ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ሲቀይር ያመነታል። ፎርድ ዋስትናውን አራዘመ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በስምምነት አለቀ። ያንን መኪና በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገዙ። ያው ፎከስ በማንዋል ካምቢዮ ሲሆን ግን ይህ ጣጣ የለበትም። ያው ፎርድ እስከ 2011 ያመረተው ክራውን ቪክቶሪያ ደግሞ የፖሊሱም የታክሲውም መኪና ነበር። ሻንሲው ወፍራም፣ ሞተሩ ቀላል ቪ8፣ መለዋወጫው በየትም የሚገኝ፤ ቀን ከሌት ሥራ ይችላል። ቤንዚን ይጠጣል እንጂ ባለቤቱን አያስለቅስም። የቢዊክ ባለ 3.8 ሊትር ሞተርም እንዲሁ መካኒኮች በክብር የሚያነሱት የአሜሪካ ሥራ ነው።

የውጭዎቹስ? ኒሳን ከ2013 እስከ 2016 ባሉት አልቲማዎች ላይ ሲቪቲ ካምቢዮው ስላስቸገረ ዋስትናውን ወደ 84 ወር ወይም 84,000 ማይል አራዘመ። ያ ጊዜ አሁን አልፏል፤ ዛሬ ካምቢዮው ቢሞት ወጪው የገዢው ነው። የ2007–2009 ካምሪ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር ዘይት በመብላት ይታወቃል። አዎ፣ ካምሪ ነው ያልኩት።

ከሁሉ በላይ ልታስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሃዩንዳይ ከ2015 ጀምሮ፣ ኋላም ኪያ፣ ባለ 2.0 እና 2.4 ሊትር ሞተር መኪኖቻቸውን ለጥገና ጠሩ። ከማምረቻው የቀረ የብረት ፍቅፋቂ የዘይቱን መንገድ እንደ ደም ሥር እየዘጋ፣ ኩሽኔታው ያለ ዘይት ይፋጭና ሞተሩ መንገድ ላይ ይቆማል። በ2024 ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የ2022–2023 ተንድራ እና ሌክሰስ መኪኖችን የጠራው ሞተር ውስጥ በቀረ የማምረቻ ፍቅፋቂ ምክንያት ነው። በ2025 ደግሞ ጂኤም ባለ 6.2 ሊትር ሞተር የተገጠመላቸውን ወደ 600 ሺህ የሚደርሱ ፒካፖችና ትልልቅ መኪኖች ጠራ፤ እዚያም የዘይት መንገድ ውስጥ የቀረ ቆሻሻ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ኮሪያ፣ ጃፓን፣ አሜሪካ፤ በሽታው አንድ ነው።

የጥገና ወጪ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «ይበላሻል ወይ?» እና «ሲበላሽ ስንት ያስወጣል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ያደባልቃል። አገር ቤት ቶዮታ የሚከበረው ጠንካራ በመሆኑ ብቻ አይደለም። መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃውም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። በዚያው ሂሳብ ከሄድን አሜሪካ ውስጥ የፎርድና የሼቭሮሌት ዕቃ ከየሱቁም ከአሮጌ መኪና ማራገፊያውም በቀላሉ ይገኛል፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። የጀርመን መኪና ግን ዕቃውም ሰዓቱም ውድ ነው፤ ጥቂት ገቢ ያለው ሰው ያረጀ ቢኤምደብሊው ወይም አውዲ ሲገዛ ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ሂሳቡን የሚያከብደው ግን ብዙ ጊዜ የዕቃው ዋጋ ሳይሆን ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከ2011 እስከ 2019 የተሠራው ፎርድ ኤክስፕሎረር ባለ 3.5 ሊትር ሞተር የውሃ ፓምፑን ከሞተሩ ውስጥ ነው የያዘው፤ የሚያሽከረክረውም የታይሚንግ ካቴናው ነው። ፓምፑ ራሱ ውድ አይደለም። እሱን ለመድረስ ግን የሞተሩን ፊት በሙሉ መፍታት ያስፈልጋል፤ መካኒኩም የሚያስከፍለው በሰዓት ነው። ከዚያ የሚከፋው፣ ፓምፑ ወደ ውስጥ ካፈሰሰ ውሃው ከዘይት ይቀላቀልና ሞተሩን ይገድላል። ዲናሞው አካባቢ የራዲያተር ውሃ ጠብታ ካያችሁ መንዳት አቁሙ። ባለ አራት ሲሊንደሩ ካምሪ ላይ ይኸው ፓምፕ ውጭ ስለሆነ በጥቂት ሰዓት ይቀየራል። የክራይስለር 3.6 ሞተርም የዘይት ፊልትሮ መያዣው ፕላስቲክ ሆኖ ከሞተሩ መሐል ተቀብሯል፤ ማፍሰስ ሲጀምር ከላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል።

ጃፓኖቹም የራሳቸው ቀጠሮ አላቸው። የሆንዳ ቪ6፣ ማለትም ብዙ ኦዲሲና ፓይለት፣ ወደ 100,000 ማይል ሲጠጋ የታይሚንግ ቺንጋው መቀየር አለበት። ሻጩ የተቀየረበትን ደረሰኝ ካላሳያችሁ እንዳልተቀየረ ቁጠሩና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ባለቺንጋ ሆንዳ ቺንጋው ከተበጠሰ ሞተሩ ይሰባበራል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ብዙ የተነዳ ካምሪና ጥሩ ሰርቪስ የተደረገለት፣ ማይሉ ያነሰ የአሜሪካ መኪና ፊት ለፊት ከቀረቡላችሁ፣ ካምሪው በ4,000 ዶላር ቢበልጥ ያንን 4,000 የጥገና ገንዘብ አድርጋችሁ አስሉት። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ያዋጣል፤ ከላይ ከጠቀስኳቸው ሞተሮችና ካምቢዮዎች አንዱ ካልሆነ። በዋጋ እኩል ከሆኑ ግን ቶዮታውን ውሰዱ።

ከመክፈላችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል (የአምራቹ የጥገና ጥሪ) እንዳለው እዩ፤ በነፃ ነው፣ ጥገናውንም አከፋፋዩ ብዙውን ጊዜ ያለ ክፍያ ይሠራል። ከ1996 ወዲህ አሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ በኮምፒዩተር ይነበባል። መካኒኩ ሲያነብ ስህተት የለም ቢላችሁም፣ የራስ ምርመራው ተጠናቋል ወይ ብላችሁ ጠይቁት፤ ካልተጠናቀቀ በቅርቡ አንድ ሰው የሞተሩን ጠቋሚ መብራት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። የሃዩንዳይና የኪያ የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተርና ካምቢዮ ዋስትና ሙሉ በሙሉ የሚሠራው ለመጀመሪያው ገዢ ነው፤ «ዋስትና አለው» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ።

ጥያቄ ስትልኩልኝም «ፎርድ ይሻላል ቶዮታ?» ብቻ አትበሉኝ። ዓመቱን፣ የሞተሩን ሊትር፣ የካምቢዮውን ዓይነትና የሄደውን ማይል ጻፉልኝ፤ ያኔ የሚጠቅማችሁን እነግራችኋለሁ።