የሚጠፋው ሞተርና አሥር ዓመት የዘገየው ጥሪ

የአሽከርካሪው ጉልበት ቁልፉን ነካ ሲያደርገው፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ፣ ወይም ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለው ኮተት ሲከብድ ሞተሩ ድርግም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ሸቭሮሌት ኮባልት የገዙ አሜሪካውያን ያቀርቡት የነበረው አቤቱታ ይኸው ነበር።

ጥፋቱ ያለው የማስነሻ ቁልፉ በሚዞርበት ስዊች ውስጥ ነበር። ቁልፉን በቦታው የሚይዘው የስዊቹ ክፍል አቅሙ ደካማ ስለሆነ ቁልፉ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ይጠፋል፤ መሪው ይከብዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ኤርባጉም አብሮ መሥራቱን ማቆሙ ነው። አሽከርካሪው መኪናውን መቆጣጠር ባቃተው ሰዓት የመጨረሻ መከታውንም ያጣል።

አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ ይህን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። ኩባንያው ራሱ በቀጠራቸው ጠበቃ በአንቶን ቫሉካስ የተመራው የ2014 ምርመራ እንዳሳየው፣ ስዊቹ ኩባንያው ካወጣው መስፈርት በታች መሆኑ እየታወቀ በ2002 ጸድቋል። መሐንዲሶች ማስተካከያ ሲያቀርቡ ወጪውና ጊዜው አይፈቅድም ተብሎ ቀረ። ምክንያቱም እየሄደ የሚጠፋ ሞተር በኩባንያው መዝገብ የሰፈረው የደህንነት ሳይሆን የደንበኛ ምቾት ጉዳይ ተብሎ ነበር። የአሥር ዓመቱ መከራ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። በ2005 መጨረሻ ለሻጮች የተላከው ማስታወቂያ ደንበኞች ከባድ ነገር ከቁልፋቸው ላይ እንዲያወርዱ የሚመክር ነበር። «ሞተር ይጠፋል» የሚለው አገላለጽ ስለ ደህንነት ጥያቄ ያስነሣል ተብሎ በእንዲህ ዓይነት ጽሑፎች ውስጥ እንዳይገባ ይደረግ እንደነበርም ምርመራው ገልጿል።

በአደጋዎች ጊዜ ኤርባጉ ለምን እንዳልተነፋ ይመረምሩ የነበሩት የኩባንያው ባለሙያዎች በበኩላቸው ከስዊቹ ጋር ያለውን ግንኙነት ለዓመታት አላዩትም።

ምስጢሩን ያወጣው ከኩባንያው ውጭ ያለ ሰው ነው። በ2010 ጆርጂያ ግዛት ውስጥ አንዲት ወጣት ኮባልት እየነዳች ሳለ ሞተሩ ጠፍቶባት በደረሰ አደጋ ሕይወቷ አለፈ። የቤተሰቧ ጠበቃ የቀጠረው መሐንዲስ ማርክ ሁድ ከአደጋው መኪና የወጣውን ስዊች ከአዲስ መለዋወጫ ጋር አስተያየው። በአዲሱ ውስጥ ያለችው ቁልፉን የምትይዝ ዘንግ በ1.6 ሚሊ ሜትር ትረዝም ነበር፤ የዕቃው ቁጥር ግን ያው ነው። ኩባንያው በ2006 ስዊቹን አሻሽሎ ቁጥሩን ሳይለውጥ ቀርቶ ነበር። በዚህ ሳቢያ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት አልተቻለም፤ አሮጌው የተገጠመላቸው መኪኖችም መንገድ ላይ ቀሩ።

ባለቤቶች መኪናቸውን ለጥገና እንዲያመጡ የሚጠይቀው ጥሪ የወጣው በየካቲት 2014 ነው። ከመቶ ሺዎች ተነሥቶ እየሰፋ፣ በመጋቢት 2.6 ሚሊዮን መኪና ደረሰ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ሜሪ ባራ የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ 15 ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ በ2015 ኩባንያው 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። መጀመሪያ የሞቱት 13 ናቸው ሲባል ቆይቶ፣ በኬኔት ፋይንበርግ የተመራው የካሳ ፈንድ ግን የ124 ሰዎችን ሞት ተቀብሎ ካሳ ከፈለ። በተጠያቂነት ወህኒ የወረደ አንድም ሰው የለም። ይህ ፍትሕ ነው ለማለት ይከብዳል።

ታዲያ የእርስዎም መኪና እየሄደ ከጠፋብዎ መካኒኩ «ደህና ነው» ቢልዎትም ጉዳዩን በዚያው አይተዉት። ነገሩ የቁልፍ፣ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ግን አውራ ጎዳና ላይ አይውጡ። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሻንሲ ቁጥራችሁን በብሔራዊ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አስገቡ፤ ያልተፈጸመ የጥገና ጥሪ ካለ ይነግራችኋል።