ዋናው ሲወድቅ ማን ይተካ?

አንድ ዳታቤዝ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ሲቀመጥ፥ መብራት በጠፋ ወይም ዲስክ በተበላሸ ቁጥር የተማሪው ምዝገባና ውጤት ሁሉ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ የዋናውን ጽሕፈት እየተከተለ የሚገለብጥ ምትክ ይቆማል። ነገር ግን ዋናው በእኩለ ሌሊት ቢወድቅ ምትኩን ማን ይሾመዋል? ይህ ያለ ሰው እጅ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ለምሳሌ ዋናው በደብረ ታቦር፥ ምትኩ በጎንደር ነው እንበል። ፕሮግራሞቻችን ከሁለቱ ጋር በቀጥታ አይነጋገሩም፤ የሚያውቁት ከፊት የቆመውን ፕሮክሲ ብቻ ነው። (ፕሮክሲውም አንድ ብቻ ከሆነ ችግሩን ወደ ፊት ገፋነው እንጂ አላራቅነውም፤ 2 ይሁን።) ኤችኤፕሮክሲ የተባለው፥ ምርመራ ሲታዘዝና ልኩ ካልተለወጠ በቀር፥ በየ2 ሴኮንዱ ሰርቨሮቹን ይጠይቃል፤ 3 ጊዜ በተከታታይ ደኅና መልስ ወዳልሰጠው መላኩን ያቆማል። ታዲያ «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ምትኩም «አለሁ» ይላልና። የሚገባው ጥያቄ «ዋናው አንተ ነህ ወይ?» የሚለው ነው። ፓትሮኒ የተባለው የፖስትግሬስ ተቆጣጣሪ ለዚህ ጥያቄ ስለ ዋናው 200፥ ስለ ምትኩ 503 ብሎ ይመልሳል።

አስቸጋሪው ገና አሁን ነው። ሁለቱም ደኅና ሳሉ በመካከላቸው ያለው መስመር ቢበጠስ፥ ጎንደር «ዋናው ሞቷል» ብሎ ራሱን ይሾማል፤ ደብረ ታቦርም መጻፉን አይተውም። ንጉሡ በጎንደር፥ ሥልጣኑ በደብረ ታቦር የነበረበትን ዘመነ መሳፍንት ያነበበ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

መድኃኒቱ ሦስተኛ ድምፅ ነው። በመንገዱ ላይ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት በገበያዋ በታወቀችው በይፋግ፥ አንድ አነስተኛ ኮምፕዩተር እናቁም። መዝገብ አይዝም፤ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ከ3ቱ 2ቱ ያልተስማሙበት ሹመት አይጸናም። መስመሩ በወረታና በይፋግ መካከል ቢቆረጥ ይፋግና ጎንደር 2 ናቸውና ምትኩ ይሾማል፤ ብቻውን የቀረው ደብረ ታቦር ሹመቱን ማደስ ስለማይችል (የፓትሮኒ የተለመደ ገደብ 30 ሴኮንድ ነው) ከዋናነቱ ይወርዳል። ከይፋግ ወዲያ፥ በጎንደር በኩል ቢቆረጥ ግን ሹመቱ እንዳለ ይቆያል።

ይህም ሆኖ አንድ ጉድለት ይቀራል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የጊትሀብ መስመር በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ለ43 ሴኮንድ ተቋረጠ፤ ብዙኃኑ ድምፅ በምዕራብ ዳርቻ አዲስ ዋና ሾመ፤ በምሥራቅ ተጽፎ ገና ያልተገለበጠ ነገር ግን ነበር። አገልግሎቱ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ታወከ። ምትኩ መቀበሉን ሳያረጋግጥ ዋናው «ተጽፏል» እንዳይል ማዘዝ ይቻላል፤ ዋጋው እያንዳንዱ ጽሕፈት መዘግየቱ ነው። እኛ ለፈተና ውጤት መዘግየቱን እንመርጣለን፤ ለምግብ ቤት ካርድ ግን አያስፈልግም።