የግፊቱና የልቡ ክኒን ሲገናኙ

የፒያሳ ሰው ሕክምና አይርቀውም። ከጊዮርጊስ ቁልቁል በመንገዱ ግራና ቀኝ መድኃኒት ቤት አለ፤ ወደ ስድስት ኪሎ ለወጣ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ቸርችልን ይዞ ለወረደ ጥቁር አንበሳ ይገኛል። ስለዚህ አንድ የአራዳ አዛውንት ለግፊታቸው ጤና ጣቢያ፣ ለልባቸው ሆስፒታል፣ ለጨጓራቸው ደግሞ አንድ የግል ክሊኒክ ቢመላለሱ የሚያስገርም አይደለም። ሦስቱ ሐኪሞች ተያይተው አያውቁ ይሆናል። ያዘዟቸው ክኒኖች ግን በየጠዋቱ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ይገናኛሉ።

በቅርቡ አንድ መድኃኒት ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩ እናት ፌስታላቸውን መስኮቱ ላይ ዘረገፉት። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። እሽጎቹን አንድ በአንድ እያነበበች ለሁለት ከፈለቻቸው። በአንድ በኩል ሃይድሮክሎሮታያዛይድና አቴኖሎል፣ በሌላ በኩል ዲጎክሲን፣ ሜቶፕሮሎልና ላሲክስ።

«እማማ፣ ይሄን ማነው ያዘዘልዎት?»

«እሱ የግፊቱ ነው ልጄ። እነዚያ ደግሞ የልቡ።»

«ሁሉንም አብረው ነው የሚወስዱት?»

«ታዲያስ! ሐኪም ያዘዘውን እኔ ልተወው?»

ልጅቷ እጃቸውን ያዘችና ዓይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል አንድ ደቂቃ ሙሉ የልብ ምታቸውን ቆጠረች። 44 ነበር። ያዞርዎታል ወይ ብትላቸው፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ ብዥ እንደሚልባቸውና ጾሙ ነው ብለው እንደተዉት ነገሯት። መድኃኒቱን አልሸጠችላቸውም። ካርዳቸው ላይ ወዳለው ስልክ ደወለች፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱም አደረገች።

ምን አይታ ነው? አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ስማቸው ይለያይ እንጂ የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ ለግፊት፣ ሌላው ለልብ ምት መዛባት ታዘዘ፤ ሴትዮዋ ሳያውቁት አንዱን መድኃኒት በእጥፍ ሲወስዱ ከረሙ። በዚያ ላይ ዲጎክሲን ተጨመረ።

ልብ የምትመታው በራሷ ኤሌክትሪክ ነው። ምልክቱ ከላይኛው ቀኝ ክፍሏ ይነሳና ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ከመውረዱ በፊት መሐል ላይ ባለች ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ በኩል ያልፋል። ይህች ቦታ እንደ ድሮው ኬላ ናት፤ መጪውን ሁሉ ለአፍታ አቁማ ነው የምታሳልፈው። የላይኞቹ ክፍሎች ሥርዓት አጥተው ሲርገበገቡ የታችኞቹ አብረው እንዳያብዱ የምታደርገውም እሷ ናት። እነፕሮፕራኖሎል፣ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል የአድሬናሊንን ግፊት በመከልከል ኬላዋን ያጠብቋታል። ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ካልሲየም ወደ ሕዋሱ እንዳይገባ በመዝጋት፣ ዲጎክሲን ደግሞ ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ያንኑ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ጠቃሚ ነው። ሁለት ሦስቱ ያለ ክትትል ሲደራረቡ ግን ኬላዋ ጨርሶ ልትዘጋ ትችላለች፤ ያኔ ምቱ ከ40 በታች ይወርዳል፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ባልፍ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል፦ በየጤና ጣቢያው የሚታዘዘው አምሎዲፒን የቬራፓሚል ዘመድ ቢሆንም ሥራው በአብዛኛው የደም ሥርን ማላላት ነው። ኬላዋን እምብዛም አይነካም፤ ከነአቴኖሎል ጋር አብሮ መታዘዙም የተለመደ ነው።

ሁለተኛው መገናኛ ፖታሲየም ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ዲጎክሲን ዲጂታሊስ ከሚባል አበባ የሚገኝ መድኃኒት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ ስለ አበባው መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1785 ሲሆን፣ መጠኑ ከበዛ እንደሚያስታውክና ዕይታን ወደ አረንጓዴና ቢጫ እንደሚለውጥ ያን ጊዜውኑ ጽፏል። የሚያድነው መጠንና የሚመርዘው መጠን በጣም የተቀራረቡ ናቸው። ዲጎክሲን የልብ ሕዋስ ላይ የሚይዘው ቦታ ፖታሲየምም የሚሻማበት ቦታ ነው፤ ደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲኑ ያለ ተቀናቃኝ ይጣበቃል። ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ውኃውንና ጨውን በሽንት ሲያስወጡ ፖታሲየሙንም ጠርገው ይሄዳሉ። የእኚያ እናት ፌስታል ውስጥ ሁለቱም ነበሩ። የዲጎክሲኑ መጠን በአንድ ነጥብ ሳይጨመር እንኳ ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛቸው ሰሞን ሊመርዛቸው ይችል ነበር። መጀመሪያ የሚመጣው ምልክት ብዙ ጊዜ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ማቅለሽለሽ ነው፤ እሱ ደግሞ በእኛ ቤት ወዲያው በጨጓራ ይሳበባል።

የግፊት መድኃኒት ሁሉ ግን ፖታሲየም አይቀንስም። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን በተቃራኒው ያከማቹታል። የሚያሸናው መድኃኒት የጠረገውን ለማካካስ አንዱን መጨመር ጥሩ ስልት ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሲሰጡና ደሙ ሳይመረመር ሲቆይ ግን የበዛው ፖታሲየም ራሱ ልብን ያቆማል። በካናዳ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ስፓይሮኖላክቶን ለልብ ድካም ሕይወት አድን መሆኑን ያሳየ ጥናት ከታተመ በኋላ ማዘዙ በረከተ፤ በ2004 የወጣው ክትትል እንዳሳየው ኢናላፕሪልን ከመሰሉ መድኃኒቶች ጋር ሲሰጥ በፖታሲየም መብዛት ሆስፒታል የሚገባውና የሚሞተው ሰው በብዙ እጥፍ ጨመረ። መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ የደም ምርመራው ነው የቀረው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የልብ ምት መዛባቱ ደግሞ እኛ ዘንድ በሽማግሌ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። በልጅነት ታክሞ ያልዳነ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የሩማቲክ ልብ ሕመም ቫልቩን ያበላሽና ገና በጉልምስና ምቱን ያዛባዋል። ሁለቱ ሕመሞች የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ስትሮክ። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ሐውልታቸው የቆመው አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. ከባድ ስትሮክ ሲመታቸው በክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያ ገና ጀማሪ ነበር። ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896፣ አድዋ በተደረገበት ዓመት ነው። ዛሬ መለኪያውም ክኒኑም ከደጃችን አለ፤ የጎደለው ክኒኖቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያይ ዓይን ነው።

ጉድለቱ በ2016 ዓ.ም. ባሰ። ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ለዘመናት አንድ መስኮት ላይ የሚታወቅ ሰው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። የድሮው ፋርማሲስት የማንን ልብ በምን እንደሚያክም በቃሉ ያውቅ ነበር። አዲሱ ጤና ጣቢያ አዲስ ካርድ ያወጣል፤ ግፊቱን ለክቶ ያዝዛል፤ ከጥቁር አንበሳ የመጣው ክኒን ቤት ከቀረ ለሐኪሙ የለም ማለት ነው። ለዚህ ነው ፌስታሉ እንዳለ ይያዝ የምለው፤ ከነእሽጉ፣ ከነባዶ ካርቶኑ። «ነጯ ክኒን» ብሎ መናገር አይበቃም፤ ነጭ ክኒን ብዙ ነው።

ፌስታሉ ውስጥ ለግፊትም ለልብም ያልተገዛው ጭምር መግባት አለበት። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠው ክላሪትሮማይሲን የዲጎክሲንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ የአምሎዲፒንንም መሰባበር ያዘገይና ግፊቱን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል። ለጉልበት ሕመም ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዲክሎፌናክ ግፊቱን ሽቅብ ይገፋል፤ ኩላሊቱን ሲያደክም ደግሞ ዲጎክሲኑ መውጫ ያጣል። ይህን ያነበበ ሰው ፈርቶ ክኒኑን በራሱ እንዳያቆም እለምናለሁ። እነአቴኖሎል በድንገት ሲቋረጡ ልብ ተመልሳ በኃይል ትነሳለች፤ የልብ ደም ሥሩ ለጠበበበት ሰው ያ ራሱ ለድንገተኛ የልብ ሕመም አልፎም ለሞት ይዳርጋል። መጠን የሚቀንሰውና የሚያቋርጠው ሐኪሙ ነው።

ሐኪሙም ሲጠይቅ አሁን የሚወሰደውን ብቻ መንገር አይበቃም። ለከባድ የምት መዛባት የሚታዘዘው አሚዮዳሮን ዲጎክሲንን በደም ውስጥ በጣም ስለሚያበዛ አብረው ሲሰጡ የዲጎክሲኑን መጠን በግማሽ መቀነስ የተለመደ ነው፤ ከነአቴኖሎልና ከቬራፓሚል ጋርም ምቱን ይጎትታል። ስብ ውስጥ ስለሚከማች ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ ብቻ በአማካይ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። በመስከረም አሚዮዳሮን ያቆመ ሰው በኅዳር አዲስ የግፊት ክኒን ሲታዘዝለት ያ የቆመው መድኃኒት ገና ልቡ ላይ እየሠራ ነው።