ከመጋዙ በፊት ውኃው፦ የላስ ቬጋስ የጓሮ ዛፎችና ባለሙያዎቻቸው

ላስ ቬጋስ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ እጥፍ በላይ ይዘንብባታል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 የከተማዋ ሙቀት 48.9 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ እስከዚያ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ በለጠ። ከተማዋ ባለችበት ሸለቆ ለቤት ጥላ የሚሆን ትልቅ ዛፍ ከሞላ ጎደል ሁሉ ሰው ተክሎት፣ ሰው አጠጥቶት ነው የሚኖረው። የሚጠጣው ውኃ ደግሞ ከአሥር እጁ ዘጠኙ በሚድ ሐይቅ ከተጠራቀመው የኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ነው።

ከተማዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ናት፤ ክላርክ ካውንቲ በ2023 አንዱን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል። ከኪራይ ወጥቶ በቆየ ሰፈር ቤት የገዛ ሰው ሳያስበው የሠላሳና የአርባ ዓመት ዛፍ ባለቤት ይሆናል። ዛፉ ብዙ ጊዜ አሽ የሚባለው ነው፤ አለዚያም ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበው መልበሪ፣ ወይም የአገራችን ወይራ የቅርብ ዘመድ የሆነው የአውሮፓ ወይራ ነው። የመልበሪና የወይራ ብናኝ በአለርጂ ብዙ ሰው ስላስቸገረ ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ እንዳይተከሉ አግዷል። ቀድሞ የተተከሉት ግን እስካሁን በየጓሮው ቆመዋል።

እነዚህ ዛፎች ሲተከሉ ዙሪያቸው ሣር ነበር። ዛሬ ሣሩ እየተነሣ ነው። ኔቫዳ በ2021 ያወጣችው ሕግ ለዓይን ማረፊያ ብቻ የሚያገለግል ሣርን በኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ማጠጣት ከ2026 መጨረሻ በኋላ ይከለክላል። ሕጉ የመንገድ አካፋዮችን፣ የንግድ ቦታዎችንና የሰፈር ማኅበራትን የጋራ ግቢ እንጂ የግል መኖሪያ ቤትን አይመለከትም። የግል ቤት ባለቤትም ቢሆን ሣሩን ነቅሎ ውኃ በማያበዛ ተክል ከተካ የአካባቢው የውኃ ባለሥልጣን በስኩዌር ጫማ ሂሳብ ገንዘብ ይከፍለዋል። ለበረሃ ከተማ ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ዛፍ የሚገድለው አፈጻጸሙ ነው።

ሣሩ ይነሣል፣ ሣሩን ያጠጣ የነበረው ስፕሪንክለር ይዘጋል፣ ጠጠር ይፈስሳል። ዛፉ ግን ለዓመታት የጠጣው ከዚያ ስፕሪንክለር ነበር። ሥሩም ውኃውን ተከትሎ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ወደ ጎን ተዘረጋ እንጂ ወደ ታች አልጠለቀም። አዲሱን የጠብታ መስኖ የሚዘረጋው ሠራተኛ ሁለት ውኃ ማውጫ ግንዱ ሥር አስቀምጦ ይሄዳል። ግንዱ አጠገብ ያለው ወፍራም ሥር ዛፉን ይሸከማል እንጂ ብዙ ውኃ አይስብም። የሚስቡት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ሜትር ርቀው ነው ያሉት። ጠጠሩም ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት መልሶ ይለቃል።

እንዲህ የተጠማ ዛፍ በአንድ በጋ አይሞትም። መጀመሪያ ቅጠሉ ያንሳል፣ ዳር ዳሩ ይቃጠላል። ቆይቶ አናቱ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ይራቆታሉ። ዛፉ ሲዳከም ጥንዚዛ መጥቶ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ የሚፈለፈለው ትል ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ ይሰረስረዋል። ባለቤቱ «ዛፌን ትል በላው» ብሎ ቆራጭ ሲጠራ፣ ትሉ የመጣው መጨረሻ ላይ መሆኑን የሚነግረው ሰው አያገኝም። ዛፉን ያዳከመው ጥም ነው።

የመድኃኒቱ ወጪ ደግሞ ከመቁረጫው ዋጋ በብዙ ያንሳል። የጠብታ መስመሩ ከግንዱ ተነሥቶ እስከ ቅርንጫፎቹ ጥላ ዳርና ከዚያም አልፎ በብዙ ማውጫ ይዘረጋል። ውኃው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሳይሆን አልፎ አልፎ፣ ግን ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር እንዲሰርግ ሆኖ ይለቀቃል። መጥለቁን ለማወቅ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ይበቃል፦ ካጠጡ በኋላ መሬት ውስጥ ሲገፉት በእርጥቡ አፈር በቀላሉ ይገባል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንዳንድ ግቢ ውስጥ ዘንጉ ገና ከላዩ ይቆማል። ያ ካሊቺ የሚባለው በኖራ የተጋገረ የበረሃ አፈር ሊሆን ስለሚችል በዚያ ቦታ ውኃው ይበልጥ በዝግታ መለቀቅ አለበት። በጠጠሩ ፋንታ ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር የእንጨት ስብርባሪ ጉዝጓዝ፣ ግንዱን ሳይነካ ቢነጠፍ እርጥበቱ ይቆያል።

ይህን ሁሉ መርምሮ የሚናገረው ባለሙያ በአሜሪካ አርቦሪስት ይባላል። መጋዝ በመኪና ጭኖ በየሰፈሩ የሚዞር ሁሉ አርቦሪስት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአርቦሪካልቸር ማኅበር ለሙያው የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አመልካቹ የሥራ ልምድ ወይም የተመጣጠነ ትምህርት ኖሮት ፈተና ማለፍ አለበት፤ ወረቀቱንም በየሦስት ዓመቱ ያድሳል።

ሙያው ዛሬ የሚመራበትን ዕውቀት በብዙ ያቆመው በአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ነው። ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውስጣቸውን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ጽሑፍ ዛፍ የቆሰለ አካሉን እንደማያድን አሳየ፤ የሚያደርገው የቆሰለውን ክፍል በግድግዳ ከልሎ፣ ብስባሹ እንዳይዛመት አጥሮ፣ በላዩ አዲስ እንጨት ማደግ ነው። ስለዚህ በተቆረጠ ቦታ ላይ ሬንጅና ቀለም መቀባት መበስበስን አይከለክልም። ወሳኙ የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ ነው።

ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ አበጥ ያለ፣ ቅርፊቱ የተሸበሸበ አንገት አለ። ግድግዳውን የሚሠራው ክፍል እዚያ ነው። ባለሙያ ወፍራም ቅርንጫፍ ሲያነሣ በአንድ ጊዜ አይቆርጥም። ከአንገቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ መጀመሪያ ከሥር ትንሽ ይገዘግዛል። ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ከላይ ሲቆርጥ ቅርንጫፉ የግንዱን ቅርፊት ሳይገሽልጥ ይወድቃል። የቀረችውን ጉማጅ መጨረሻ ላይ ከአንገቱ ውጭ፣ አንገቱን ሳይነካ ያነሣታል።

ከቡና አገር የመጣ ሰው የዛፍን አናት በመጎንደል ላይ ሊሳሳት ይችላል። ያረጀ ቡና ተጎንድሎ ይታደሳል፤ ባሕር ዛፍም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። አሽና መልበሪም ሲጎነደሉ ያቆጠቁጣሉ፤ ነገር ግን አዲሱ ቅርንጫፍ የሚጣበቀው በብስባሽ ጉማጅ ላይ ስለሆነ ከብዶ በነፋስ ይገነጠላል። በበረሃ ደግሞ ሌላ ጉዳት ይጨመራል፦ አናቱን ያጣ ዛፍ ጥላ ለብሶ የኖረው ቅርፊቱ በአንድ ጊዜ ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ሩብ በላይ አለማንሣት የተለመደው ወሰን ነው፤ ለተጠማና ላረጀ ዛፍ ሩቡም ይበዛል። ቅጠሉን ለሚያረግፍ ዛፍ የተሻለው ጊዜ የክረምቱ ብርድ ወቅት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው።

መነሣት ያለበት ዛፍም አለ። ከሥሩ የበሰበሰ፣ ሥሩን ከመሬት እየነቀለ ያዘነበለ፣ ቤት ላይ የሚወድቅ ዛፍ አይጠበቅም። በጠባብ ጓሮ ዛፍ በቁሙ አይጣልም። አንዱ በገመድና በደህንነት ቀበቶ ወጥቶ፣ ቅርንጫፉን አስሮ፣ ቆርጦ ይለቃል፤ ታች ያለው ሠራተኛ ገመዱን ግንድ ላይ በተጠመደ ብረት እያዘገመ በዝግታ ያወርደዋል። ከኤሌክትሪክ መስመር ሦስት ሜትር የማይርቅ ዛፍን ለዚያ ያልሠለጠነ ሰው መንካት የለበትም። ጉቶው በማሽን ከመፈጨቱ በፊትም በ811 ተደውሎ የጋዝና የመብራት መስመሮች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው።

ከሁሉ አደገኛው ረጅሙ የሜክሲኮ ዘንባባ ነው። የደረቁ ቅጠሎቹ ተደራርበው ግንዱ ላይ ይንጠለጠላሉ። ከሥር ሆኖ የሚቆርጥ ሠራተኛ ላይ ክምሩ ባንድ ጊዜ ተንሸራትቶ ሊያፍነው ይችላል፤ በዚህ መንገድ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። እግሩ ላይ ሾጣጣ ብረት አስሮ ሕይወት ያለው ዘንባባ ላይ የሚወጣ ሰውም ዛፉን ለዘለዓለም ያቆስለዋል፤ የዘንባባ ግንድ የተወጋበትን አዲስ እንጨት አብቅሎ አይሸፍንም።

ዛፍ ሊያስቆርጥ ያሰበ ሰው የሠራተኞቹን የኢንሹራንስ ወረቀት ሳያይ ማንንም አያስወጣ፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሠራተኛ ጓሮው ውስጥ ቢጎዳ ጣጣው ለባለቤቱ ሊተርፍ ይችላል። አናቱን እንጎንድለው የሚል ሰውንም አመስግኖ ይሸኘው። ሣሩን ሊያስነሣ የተመዘገበ የቤት ባለቤት ደግሞ አርቦሪስቱን መጥራት ያለበት ስፕሪንክለሩ ከመዘጋቱ በፊት ነው፤ የዛፉ የውኃ መስመር አስቀድሞ ይዘርጋ፣ ሣሩ ከዚያ በኋላ ይነሣ።