የጽኑ ሕሙማን ዝውውር ግምገማ

የጽኑ ሕሙማን ዝውውር ግምገማ በከባድ ሁኔታ ላይ ያለ ታካሚ ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ከመወሰዱ በፊት ጉዞውን ይችለው እንደሆነና ጥቅሙ ከአደጋው ይበልጥ እንደሆነ የሚመዘንበት የሕክምና አሠራር ነው። በኢትዮጵያ ዝውውሩ በተለምዶ «ሪፈር» ይባላል።

ጥያቄው የሚነሳው ታካሚው የሚያስፈልገው ሕክምና፣ ለምሳሌ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና፣ ባለበት ቦታ ሳይኖር ሲቀር ነው። መቆየቱም መሄዱም ሊገድል ይችላል። በመሆኑም መጀመሪያ የአየር መተላለፊያው፣ አተነፋፈሱና የደም ዝውውሩ ይረጋጋሉ። በመንገድ ላይ መተንፈስ ሊያቅተው የሚችል ሰው የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባለት ከመነሳቱ በፊት ነው፤ በሚንቀሳቀስ አምቡላንስ ውስጥ ይህን ማድረግ እጅግ ከባድ ነውና። ነገር ግን ደሙ ሊቆም የሚችለው በሌላው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ብቻ ከሆነ «እስኪረጋጋ እንጠብቅ» ማለት ራሱ ጉዳት ነው።

ሁኔታውን በቁጥር ለመግለጽ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ፊዚሽያንስ የወጣው «ኒውስ» ነው። የትንፋሽ ብዛትን፣ የኦክስጅን መጠንን፣ የደም ግፊትን፣ የልብ ምትን፣ ሙቀትንና ንቃትን ይመዝናል፤ ኦክስጅን እየተሰጠው ላለ ታካሚም ነጥብ ይጨምራል። 7 እና ከዚያ በላይ አስቸኳይ ምላሽ ይጠይቃል። ይሁንና ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል፦ በመድኃኒት ተደግፎ የቆመ የደም ግፊት በሞኒተሩ ላይ እንደ ጤነኛ ሰው ግፊት ይታያል። መድኃኒቱ መንገድ ላይ ቢያልቅ ወይም ፓምፑ ቢጠፋ ግፊቱ ይወርዳል።

ኦክስጅንም በግምት አይጫንም። የተለመደው ስሌት በደቂቃ የሚፈሰውን ሊትር በጉዞው ደቂቃ ማባዛት፣ ከዚያም ለመጠባበቂያ እጥፍ ማድረግ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድና 90 ደቂቃ ለሚጓዝ ታካሚ 900 ሊትር፣ በእጥፍ 1,800 ሊትር ያስፈልጋል፤ ባለ 680 ሊትር ሲሊንደር ከሆነ ሦስት ማለት ነው። ደቂቃው የሚቆጠረው መኪናው ሲነሳ ሳይሆን ታካሚው ከአልጋው ከተነሳበት ጀምሮ በተቀባዩ ሆስፒታል ኦክስጅን እስኪገናኝ ድረስ ነው። የመንገድ መዘጋጋት፣ የግቢ በርና የሊፍት ጥበቃ ሁሉ ይገባበታል።

በአውሮፕላን ሲሆን ከፍታ ይጨመራል። የመንገደኞች አውሮፕላን የውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ይህም ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ከባሕር ጠለል ለተነሳ ታካሚ ግን በሰውነቱ ውስጥ የታፈነ አየር በሲሶ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ በሳንባው ዙሪያ አየር የተጠራቀመበት ሰው አስቀድሞ በቱቦ ይወጣለታል።

በአሜሪካ በ1986 የወጣ ሕግ ያልተረጋጋ የድንገተኛ ታካሚ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲላክ ጥቅሙ ከአደጋው እንደሚበልጥ ሐኪም በፊርማው እንዲያረጋግጥ፣ ወይም ታካሚው ራሱ አደጋውን አውቆ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። በሁለቱም ሁኔታ ተቀባዩ ሆስፒታል ቦታና ባለሙያ ኖሮት ታካሚውን ለመቀበል መስማማት አለበት።