ፎቶ አንሺ ድሮንን ስለ መምረጥና ለበረራ ስለ መሰናዳት፤ ይልቁንም በመተማ ቆላ

በደጋ የተወለደ ሰው አገሩን አሻግሮ ለማየት ቢሻ ወደ አንድ አምባ ወጥቶ ቁልቁል መመልከት ይበቃዋል፤ ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ግን፣ ገንዳ ውሃን አልፎ ከሱዳኗ ገላባት ፊት ለፊት ወደ ቆመችው ወደ መተማ ዮሐንስ በደረሰ ጊዜ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከነበረው ከፍታ ወደ 700 ሜትር ገደማ ወርዶ በሰፊ ሜዳ መካከል ይቆማልና፣ የሰሊጡና የማሽላው እርሻ እስከ የት እንደ ተዘረጋ፣ የጓንግ ወንዝ በየት በኩል እንደ ተጠማዘዘ፣ የእጣኑ ዛፍ የት እንደ ሳሳና የት እንደ በረከተ ለማወቅ፣ ምድሩ የነፈገውን ከፍታ ከአየር መበደር ግድ ይሆንበታል። ይህን ከፍታ የሚያበድረው መሣሪያ ዛሬ በልጅ እጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ፎቶ አንሺ ድሮን ነው፤ እኛም ስለ አመራረጡና ስለ አሰነዳዱ የምንጽፈው ምኞቱ ላደረበትና ገና ለጀማሪው ሰው ነው።

ምድርን ከላይ ሆኖ በፎቶግራፍ የመቅረጽ ምኞት አዲስ አይደለም። ናዳር የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1858 በፓሪስ አጠገብ በፊኛ ወጥቶ ካሜራውን ወደ ታች አነጣጥሯል፤ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላም ዩሊዩስ ኖይብሮነር የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ በርግቦች ደረት ላይ ትንንሽ ካሜራ እያሰረ ይለቅ ነበር። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን በአዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ መተማ ግን የአውሮፕላንን ኃይል የተረዳችው በክፉ ቀን ነበር፤ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ኋላ ፊልድ ማርሻል ለመሆን የበቃው እንግሊዛዊው ዊልያም ስሊም የሚመራው ብርጌድ ገላባትን ይዞ መተማን ሊወጋ በተቃረበ ጊዜ፣ በአየር የበላይነት የነበራቸው የኢጣልያ አውሮፕላኖች በቦምብ ደብድበው እንዲያፈገፍግ አስገድደውታል። ለሲቪሉ ሰው የሚሸጠው ባለ አራት ውልብልቢት ድሮን በዓለም የተስፋፋው ከዚህ እጅግ ዘግይቶ፣ በቻይናዋ ሼንዘን የሚገኘው ዲጄአይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ፋንተምን ካወጣ ወዲህ ነው።

የአሠራሩ ምስጢር ከመልኩ ይልቅ ረቂቅ ነው። ከአራቱ ውልብልቢቶች ሁለቱ ወደ ቀኝ፣ ሁለቱ ወደ ግራ ይሽከረከራሉና አንዱ ጥንድ አካሉን ሊያዞር ሲቃጣ ሌላው ይገታዋል፤ ወደ ፊት መሄድ ሲያሻው የኋለኞቹን አፍጥኖ የፊተኞቹን ያዘገያል፤ ለመዞርም ሲፈልግ የአንዱን ጥንድ ፍጥነት ከሌላው ያስበልጣል። ሰው በሁለት ጣቱ በሚሰጠው ትእዛዝ ይህን ሁሉ ማስላት ስለማይችል፣ ዘንበል ማለቱን የሚለካው፣ ከፍታውን ከአየር ግፊት የሚገምተው፣ ስፍራውን ከሳተላይት የሚቀበለው፣ አቅጣጫውን ከኮምፓስ የሚያነበው ልዩ ልዩ የስሜት ሕዋስ በየቅጽበቱ እየተማከረ ሞተሮቹን ያዛል፤ ስለዚህም ጀማሪው እጁን ከመቆጣጠሪያው ቢያነሣ ድሮኑ ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ካሜራው የተንጠለጠለበት ጊምባል ደግሞ አካሉ በነፋስ ሲናወጥ በተቃራኒው እየተንቀሳቀሰ ምስሉን ያረጋዋል፤ በእኔ አስተያየት በጀማሪ መሣሪያ ላይ ከምስል ጥራት ቁጥር ሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ጊምባል በሦስት አቅጣጫ የሚሠራ መሆን አለመሆኑ ነው፤ የተንቀጠቀጠን ምስል የቱንም ያህል ጥርት ያለ መስተዋት አያድነውምና።

ስለ ምርጫው ሲነሣ፣ ገበያው የሚያሞግሰውና ቆላው የሚጠይቀው አንድ አይደሉም። ሻጩ ስለ ምስሉ ስፋትና ድሮኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይናገራል፤ የመተማ ሰው ግን በአምራቹ መግለጫ ግርጌ በደቂቅ ፊደል የሚጻፉትን ሦስት ነገሮች፣ ማለት የሙቀቱን ወሰን፣ የነፋሱን ወሰንና የመነሻውን ከፍታ ሊያነብ ይገባዋል። ዲጄአይ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ማቪክ ሚኒ 249 ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ በሰከንድ 8 ሜትር የሚነፍስ ነፋስን ይቋቋማል፤ እንዲበር የተፈቀደለትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሚኒ 2 በነፋስ በኩል ጥቂት ይሻላል እንጂ የሙቀቱ ጣሪያ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኒዮ የተባለው ደግሞ 135 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ውልብልቢቶቹም በመከላከያ የታጠሩ በመሆናቸው ለተማሪ እጅ የሚመች ነው፤ ነገር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ እንዲነሣ አልተሠራምና፣ መተማ ላይ በሰላም የሚነሣው ይህ መሣሪያ ጎንደር ከተማና አዲስ አበባ ላይ ከአምራቹ ወሰን ውጭ ይሆናል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ስጦታ ሊልክ ሲያስብ ይህን ከማንም አይሰማውም። ሁለት ወይም ሦስት ትርፍ ባትሪና ትርፍ ውልብልቢት ያልጨመረ ግዢ ሙሉ ግዢ አይባልም፤ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ሰው አስቀድሞ ባትሪውን በእጁ ዳብሶ፣ አብጦ ካገኘው ዋጋው ቢረክስም ይተወው።

የቆላው ሙቀት ከተነሣ ዘንድ ጥቂት መቆየት ይገባል። በመተማና በቋራ በረሃ፣ ከየካቲት አንሥቶ ዝናቡ እስኪጥል፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ይህም ማለት አምራቹ ካወጣው ወሰን ውጭ መብረር ማለት ነው። የሞቀ አየር ስስ ነውና ውልብልቢቱ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አብዝቶ ይሽከረከራል፤ ሞተሩም ባትሪውም በዚያው ልክ ይግላሉ፤ በመኪና ውስጥ ተዘግቶበት የዋለ የሊትየም ባትሪ ደግሞ ገና ሳይነሣ የደከመ ነው። ከበረራ የተመለሰውንም ባትሪ ትኩሳቱ ሳይለቀው ኃይል ልሙላው ማለት ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ስለዚህ በዚያ አገር የድሮን ሰዓት ማለዳ ነው፤ ብርሃኑም ያን ጊዜ አግድም ስለሚወድቅ ለሥዕሉ ይበጃል። ከወቅቶችም የመጸው ወራት ይመረጣል፤ ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሰሊጡ ታጭዶ በሂላ በሂላ ቆሞ የሚደርቅበት ጊዜ ነውና፣ ከላይ ለሚመለከት ሰው ከዚያ የሚበልጥ ትርኢት በዚያ ምድር ያለ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃድ አለ። በኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን፣ በተለምዶ ኢንሳ የምንለውን መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ ያሻል፤ የአየሩም ክልል በሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን ሥር ነው። ሳያስፈቅድ በሻንጣው ይዞ የመጣ መንገደኛ መሣሪያውን በቦሌ ጉምሩክ ጥሎ መግባቱ የተለመደ ነገር ሆኗል። በአንዳንድ አገሮች ሕግ ከ250 ግራም በታች ለሆነ ድሮን የተሰጠ ቅናሽ መኖሩ እውነት ነው፤ ያን ቅናሽ ተስፋ አድርጎ ወደ እኛ ጉምሩክ መቅረብ ግን የዋህነት ነው።

በመተማ ላይ ደግሞ ነገሩ ከወረቀት ያልፋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግሥቱ ያረፉባት ይህች የጠረፍ ምድር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የስደተኞች መሻገሪያ ሆናለች፤ በሰሜኑ የአገራችን ክፍልም ከ2013 ዓ.ም. አንሥቶ በተደረጉት ጦርነቶች የታጠቁ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ስለ ዘመቱ፣ ገበሬው ከሰማይ የሚመጣ እዝዝታ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሥዕል አይደለም። ይህን ፍርሃት በምክር ማስወገድ አይቻልም፤ ሊከበር ብቻ ይገባዋል። ስለዚህ የኢንሳን ፈቃድ የያዘ ሰው እንኳ የዞኑንና የወረዳውን አስተዳደር፣ የጸጥታውን ኃላፊና የቀበሌውን ሽማግሎች አስቀድሞ ሳያሳውቅ አንድ ሜትር ከመሬት ሊያነሣ አይገባውም፤ ጸጥታው በደፈረሰ ጊዜም የወረቀቱ መኖር መሣሪያውን ከሣጥኑ ለማውጣት በቂ ምክንያት ነው ብዬ አልቀበልም። ለልምምድ ሌላ ሜዳ መፈለግ ይሻላል።

ልምምዱ ራሱ ከዐይንና ከጣት ይጀምራል። ድሮኑ ጀርባውን ሰጥቶህ ሲሄድ ግራህ ግራው ነው፤ ፊቱን ወደ አንተ የመለሰ እንደ ሆነ ግን ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ የጀማሪዎችም መሣሪያ በዛፍና በግድግዳ ላይ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅጽበት ነው። ስለዚህ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር በሚጫን መለማመጃ ጣትን ማስለመድ፣ ከዚያም በገላጣ ስፍራ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ አድርጎ አራት ማዕዘን እየሣሉ ማብረር፣ ጣት ያለ አሳብ እስኪታዘዝ ድረስ ሊደጋገም ይገባል። ዋልካው መሬት በበጋ ተሰነጣጥቆ ትቢያው ስለሚነሣና በሞተሩና በጊምባሉ ውስጥ ስለሚገባ ሰሌን አንጥፎ ከዚያ ላይ ማስነሣት መልካም ነው፤ ኮምፓሱንም በቆርቆሮ ቤት ወይም በጭነት መኪና አጠገብ ማስተካከል አይገባም፤ ብረት ያሳስተዋልና። ሳተላይቶቹን አግኝቶ የመነሻውን ስፍራ መመዝገቡን መቆጣጠሪያው ሳያረጋግጥ የተነሣ ድሮን ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚመለስበትን አያውቅም፤ የመመለሻው ከፍታም በዙሪያው ካለው ከረጅሙ ዛፍ በላይ መቀመጥ አለበት።

የነፋሱን ስሌት ማንም ጀማሪ በቃሉ ሊይዘው ይገባዋል። በልኩ በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ድሮን ነፋስን ተከትሎ 600 ሜትር ቢርቅና ነፋሱ በሰከንድ 8 ሜትር ቢሆን፣ ሲሄድ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ጥቂት ይፈጅበታል፤ ሲመለስ ግን የጓንግን ሙላት ሽቅብ እንደሚዋኝ ሰው በሰከንድ የሚያተርፈው 2 ሜትር ብቻ ነውና 5 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ከላይ ያለውም ነፋስ መሬት ላይ ከሚሰማን ይልቅ ይበረታል። ነፋሱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በሚነፍስበት ቀን በድንበሩ አጠገብ የተነሣ ድሮን ባትሪው አልቆ የሚወድቅበት አገር ሌላ መንግሥት ያለበት አገር ነው፤ ሄዶ ማምጣትም አይታሰብም። መፍትሔው ሁልጊዜ በነፋሱ ፊት መውጣትና ነፋሱን ተከትሎ መመለስ፣ ድሮኑን ከዐይን እንዳይሰወር ማድረግ፣ በብዙ አገሮች ከተለመደው ከ120 ሜትር ጣሪያም አለማለፍ ነው፤ ከጠረፉም መራቅ።

በቋራ ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የብዙዎችን ልብ እንደሚስብ አውቃለሁ፤ ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር የሚዋሰን በረሃ ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በዚያ አንበሳ መኖሩ በምስል ተረጋግጦ ለዓለም ተነግሯል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ያንን ምስል ያነሣው በዛፍ ላይ ታስሮ ድምፁን አጥፍቶ የሚጠብቅ ካሜራ እንጂ በሰማይ የሚጮህ ድሮን አለመሆኑ ነው። አራዊት ከራሳቸው በላይ የሚሰሙትን ድምፅ ይሸሻሉ፤ ጭላትና ንሥር ደግሞ በተቃራኒው መጥተው ድሮኑን የሚመቱበት ጊዜ አለ። ለጀማሪ የሚስማማው የገዛ እርሻው ነው፤ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶም የጎረቤቱ፤ አረም የበረታበትን፣ ውሃ የተኛበትን፣ ዘሩ ሳስቶ የበቀለበትን ቦታ በአንድ ማለዳ ለይቶ ማሳየት ይችላልና።

አንተ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ መሣሪያውን አስቀድመህ ገዝተህ ፈቃዱን በመጠባበቅ ላይ ያለህ እንደ ሆነ፣ ባትሪዎቹን ሙሉም ባዶም አድርገህ አታስቀምጣቸው፤ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ባለ ሙሌት፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጡ፤ በየሁለት ወሩ ገደማም እያየህ የጎደለውን ሙላ።